የዘፈን ግጥምና የልጆች ጆሮ

ስለ ዘመናችን የዘፈን ግጥም የሚደረገው ክርክር እየበረታ ሄዷል። አንደኛው ወገን፥ «ዘፈኑ ሁሉ ረክሷል፤ መንግሥት ይከልክልልን» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ኪነ ጥበብ ዳር ድንበር የለውም፤ ያልጣመው ጆሮውን ይድፈን» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ እንጂ፥ ክርክሩ ስለ ማን እንደ ሆነ ቆም ብለው ሲጠይቁ አናይም። በእኛ እምነት ነገሩ ስለ ዘፋኙም ስለ ተቈጪውም አይደለም፤ ገና ክፉና ደጉን ለይቶ ስላላወቀው ልጅ ነው። ስለዚህም በዚህች ጽሑፍ ለሁለቱም ወገኖች መልስ ለመስጠትና መደረግ ይገባዋል የምንለውን ለማቅረብ ተነሥተናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ «ዘፈን ዘፈን ነው፤ ከመስማት የሚመጣ ጉዳት የለም» የሚሉትን እንመልከት። ይህ አባባል በኢትዮጵያ ምድር ከቶ አያስኬድም። አባቶቻችን ትምህርትን ከዜማ ለይተው አያውቁም ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው ዜማ እስከ ዛሬ የደረሰልን በብራና ብቻ ሳይሆን በተማሪው አንደበትና ጆሮ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅም ፊደሉንና ዳዊቱን የሚይዘው በዜማ እየደጋገመ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሕዝቡን ለፊደል ከቀሰቀሱት መሣሪያዎች አንዱ መዝሙር ነበር። በ1990ዎቹም የኤች አይ ቪ በሽታ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ፥ ብዙ ከያንያን ተባብረው «ማለባበስ ይቅር» የተባለውን ዘፈን ያወጡት ዘፈን የሰውን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል ብለው ስላመኑ ነው። እንግዲህ ዘፈን መልካሙን ያስተምራል ብለን ገንዘብና ድካም ካወጣንበት፥ ክፉውንም ሊያስተምር እንደሚችል ማመን ይገባናል። መድኃኒቱ ጉልበት አለው፤ መርዙ ግን ጉልበት የለውም ማለት ክርክር አይደለም።

የግጥምን ኀይል ጠላት እንኳ ያውቀው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ የፋሺስት መንግሥት እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየመንደሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ሠራዊት ማሲንቆ ያንጠለጠለውን ሰው ለምን ፈራው? ቃል ከዜማ ጋር ሲጋባ ከጆሮ አልፎ ልብ ውስጥ ስለሚያድር ነው። ይህን ጠላት አውቆት ሳለ እኛ የገዛ ልጆቻችንን ስናሳድግ ብንዘነጋው ያሳፍራል።

ነገር ግን ጎጂ የምንለው ምን እንደ ሆነ በግልጽ መናገር አለብን፤ ስሙ ያልተለየ ጥፋተኛ ሲፈለግ ብዙ ንጹሕ ሰው ይያዛልና። ጎጂ የምንለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሴትን ልጅ እንቢታ እንደ እሺታ ቈጥሮ ማስገደድንና መጥለፍን የጀግንነት ሥራ የሚያደርግ፥ ወይም ገና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰችን ልጅ ለወንድ ምኞት የሚያቀርብ ግጥም ነው። ሁለተኛ፥ ስካርን፣ ጫትንና ጭስን የወጣትነት ጌጥ አድርጎ የሚያሞካሽ ነው። ሦስተኛ፥ ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በመልኩ ወይም በአካሉ ጉዳት የሚያዋርድ ነው። አራተኛ፥ ደም መመለስንና ሰው መግደልን የሚያወድስ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ ያለውን አንነካም። ፍቅር፣ ናፍቆት፣ ትዝታ፣ ሐዘን፣ የኑሮ ምሬት፣ በሹም ላይ የሚሰነዘር ነቀፌታ፥ እነዚህ ሁሉ የዘፈን ርስት ናቸው። ሹምን የሚነቅፍ ዘፈን ለልጅ ጎጂ ነው የሚል ሹም ቢመጣ፥ የሚጠብቀው ልጁን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ደግሞም ክፉን ነገር ማውሳትና ክፉን ነገር ማወደስ አንድ አይደሉም። የተጠለፈችውን ልጅ እንባ የሚናገር ዘፈንና የጠላፊውን ጉልበት የሚያሞግስ ዘፈን «ጠለፋ» የሚለውን ቃል በእኩል ይጠሩታል፤ ዳሩ ግን አንደኛው ምስክር ሲሆን ሁለተኛው ተባባሪ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው የግጥሙ ሙሉ አሳብ እንጂ ከመካከሉ የተመዘዘ አንድ ቃል ሊሆን አይገባም።

ጉዳቱ በቀላሉ የሚታይ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከሕጋችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት በር ከፍቶለት ነበር። ይህን በር የዘጋው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣና በኋላ የሚፈጸመው ጋብቻም ከቅጣት እንዳያድነው ደነገገ። እንደዚሁም በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ የፈቀደው፥ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ዓመት ከፍ ብሏል። እነዚህን አንቀጾች ለማስለወጥ ብዙ ሴቶች አልቅሰዋል፤ ብዙ የሕግ ዐዋቂዎችም ደክመዋል። ሕጉ በ48 ዓመት የዘጋውን በር ዘፈን በአራት ደቂቃ መልሶ ሲከፍተው ዝም ብሎ ማየት ይገባልን? የ14 ዓመቱ ወንድ ልጅ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ አያነብም፤ ዘፈኑን ግን በቃሉ ይዞታል።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ምክንያቱም ማስታወቂያው ዐዋቂውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ስለሚጠራ ነው። እንግዲህ የቢራ ጠማቂው ዋጋ ከፍሎ እንዳይናገረው የተከለከለውን ቃል፥ ዘፋኙ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ልጅ በነጻ ሲናገረው ሕጉ ግማሽ አካሉ ብቻ ቆመ ማለት ነው። ነጋዴውን ከልክሎ ዘፋኙን መልቀቅ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ልጁን ከመጠበቅም አያደርስም።

እዚህ ላይ ለሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። የወጣቶችን ራፕና የውጭ አገር ምት አጥብቀው ከሚያወግዙት መካከል አንዳንዶቹ፥ በሠርግ ቤት ሙሽራይቱን እንደ ገበያ ዕቃ የሚያገላብጠውን ግጥም በፈገግታ ይቀበላሉ፤ ባላንጣን ገድሎ መፎከርን የሚያደንቀውን ቀረርቶም «የአባቶቻችን ወግ ነው» ብለው ያልፉታል። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፥ በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን፥ ፉከራና ሽለላ የአገር ዘብ እንደ ነበሩ እንመሰክራለን። ይሁን እንጂ ያው ፉከራ በድንበርተኛ ጎረቤት ላይ ሲዞር የሚያተርፈው መቃብርና ደመኝነት ነው። ነውር በማሲንቆ ሲታጀብ ባህል፥ በኪቦርድ ሲታጀብ ብልግና ሊሆን አይችልም። መለኪያው ለሁሉም አንድ ካልሆነ፥ ወጣቱ ቍጣችንን የምግባር ፍቅር ሳይሆን የሽማግሌ ቅናት ነው ብሎ ቢንቀው ጥፋቱ የእኛ ነው።

የትምህርት ቤቶቻችንም ነገር ሊነገር ይገባዋል። የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ በየከተማው የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ይደረጋል። የ6 ዓመት ሕፃናት ካባ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ይሰለፋሉ፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ቀጥሎ ግን ድምፅ ማጉያው ለምሽት ቤት የተዘጋጀ ዘፈን ይለቅና፥ ሕፃናቱ የማያውቁትን ቃል እየደገሙ፣ የማይገባቸውን የወገብ እንቅስቃሴ እያሳዩ ይጨፍራሉ። ወላጆች በስልካቸው ያነሣሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ማታውኑም በቲክቶክ ይለጥፉታል። ልጁ ከግጥሙ ይልቅ ከጭብጨባው ይማራል፤ አባቱና እናቱ፣ መምህሩና ዲሬክተሩ ያጨበጨቡለት ነገር ክፉ ነው ብሎ ሊያስብ አይችልምና። ግብረ ገብን በጧት ክፍል ውስጥ አስተምሮ ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ማፍረስ ማለት ይህ ነው። «እህል በጥቅምት፣ ልጅ በጡት» የሚለው ተረት የተነገረው ሁሉም ነገር ሥር የሚይዝበት ወራት እንዳለው ለማሳየት ነበር።

እስካሁን የተናገርነው «ምንም አይነካ» ለሚለው ወገን ነው። አሁን ደግሞ «ሁሉም ይከልከል» ወደሚለው ወገን እንመለስ።

መከልከል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ዐምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ይህን አጥር ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን አንዱ ክፍል በሸክላ የቀረልን በዚህ ድፍረት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው የደርግ ዘመንም ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ ካሴት ለመውጣት አይችልም ነበር። ሳንሱሩ ልጆችን ከክፉ ቃል ጠበቀልንን? አልጠበቀልንም፤ ይጠብቅ የነበረው መንግሥትን ነው። ስለ ምሽት ቤትና ስለ ስካር የሚያወራው ግጥም ሲያልፍ ይችል ነበር፤ መርማሪውን የሚያስደነግጠው ግን ስለ ርኃብ፣ ስለ እሥራትና ስለ ተለየ ወንድም የሚያለቅሰው ግጥም ነበር።

ከዚህም ሌላ የአማርኛ ግጥም ጠባይ ራሱ ለሳንሱር አይመችም። ግጥማችን ሰምና ወርቅ አለው። ወርቅ ፈላጊ መርማሪ በሰሙ ሥር የፈለገውን ሁሉ ያገኛል፤ ስለ ዝናብ የተዘፈነውን ስለ ዐመፅ፥ ስለ ጨረቃ የተዘፈነውን ስለ ንግሥና ነው ሊል ይችላል። ለዚህም ፍቺ ወሰን የለውም። ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ልጅ የሚሰማው ሰሙን ነው። ወርቁን የሚቈፍረው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነውና። ልጅን ለመጠበቅ የተሾመ ሰው እንግዲህ ሥልጣኑ በሰሙ ላይ ብቻ ይሁን፤ ግልጽ ሆኖ የሚሰማው ቃል ጠለፋን ወይም ስካርን ያወድሳልን? ብሎ ይጠይቅ። በሰሙ ንጹሕ የሆነውን ግጥም ወርቁን እየቈፈረ እንዲከስ ፈጽሞ አይፈቀድለት። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ቢጠበቅ፥ ልጁም ይጠበቃል፤ ባለቅኔውም አይታፈንም።

በመንግሥት ጠረጴዛ ዙሪያ የምንሠራ ሰዎች ደግሞ የማኅተምን ጠባይ እናውቃለን። ለአንድ ሰው ማኅተም ከሰጠኸው የሚያትምበት ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ባይመጣለት «ለምን አልመጣም?» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። «ይለፍ» እና «አይለፍ» የሚል ማኅተም የያዘ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ስለ ስካር ቢጀምር ነገ ስለ ቀሚስ ርዝመት፥ ከነገ ወዲያ ስለ ሚኒስትሩ ስም መጻፉ አይቀርም። ደግሞም ያን ጊዜ ዘፈን የሚወጣበት በር ጥቂት ስለ ነበረ ዘበኛ ማቆም ይቻል ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ስልክ የሸክላ ማተሚያ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ቢከለከል በዩቲዩብ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ይገባል፤ «የተከለከለ» የሚለውም ስም ለልጁ እንደ ማር ይጣፍጠዋል።

የሌላውን አገር ልምድም መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ቲፐር ጎርና ሌሎች በዋሽንግተን የታወቁ ሴቶች የዘፈን ግጥም ልጆቻችንን እያበላሸ ነው ብለው ማኅበር አቋቋሙ፤ በመስከረም 19 ቀንም ጉዳዩ በሴኔቱ ፊት ተሰማ። ፍራንክ ዛፓና ጆን ዴንቨርን የመሰሉ ሙዚቀኞች ቀርበው ተከራከሩ። በመጨረሻው የሸክላ አሳታሚዎቹ ሳይከለከሉ፥ ለወላጅ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ምልክት በሽፋኑ ላይ ለመለጠፍ ተስማሙ፤ በ1990ም ምልክቱ አንድ ዐይነት እንዲሆን ተደረገ። በዚያው በ1990 በፍሎሪዳ አንድ የፌዴራል ዳኛ ቱ ላይቭ ክሩ የተባሉትን የራፕ ዘፋኞች ሥራ ጸያፍ ነው ብሎ ቢፈርድ፥ ፍርዱ በ1992 በይግባኝ ተሻረ፤ በዚህ መካከል ግን ነገሩ ስማቸውን በአገሩ ሁሉ አስጠራው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። እገዳ ለታገደው ሰው የማስታወቂያ ሥራ ይሠራለታል፤ ምልክትም ቢሆን የሚያነበው ወላጅ ከሌለ ባዶ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንገዱን የሚያሳየን ሕገ መንግሥታችን ራሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል፤ በዚያው አንቀጽ በንኡስ አንቀጽ 6 ግን የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። ሁለቱን አስማምቶ ማንበብ ይቻላል። ዘፈኑ ሳይወጣ አይመረመር፤ ከወጣ በኋላ ግን የትና መቼ ለልጅ እንዲሰማ ይወሰን። ከዚህ ተነሥተን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከላይ የዘረዘርናቸው አራት ነገሮች በሕግ ይጻፉ፤ ከአራቱ ውጭ በማናቸውም ምክንያት ዘፈን አይገደብ። ሁለተኛ፥ ገደቡ የሰዓትና የቦታ ይሁን እንጂ የመኖርና ያለመኖር አይሁን፤ ለዐዋቂ የተዘጋጀው ዘፈን ልጆች ከተኙ በኋላ በራዲዮ ቢተላለፍ ማንም አይጎዳም። ሦስተኛ፥ ውሳኔውን አንድ ሹም ብቻውን አይስጥ፤ መምህራን፣ ወላጆች፣ ባለቅኔዎች፣ ሙዚቀኞችና የሕግ ዐዋቂዎች ያሉበት ጉባኤ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይስጠው፤ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ይግባኙም ለፍርድ ቤት ይሁን። አራተኛ፥ ዘፋኞችና አሳታሚዎች በፈቃዳቸው ለልጅ የማይሆነውን ሥራ በምልክት ይለዩት። አምስተኛ፥ በታክሲና በአውቶቡስ ተማሪዎች በሚሳፈሩበት በጧትና በማታ የሚከፈተው ዘፈን ለሁሉ የሚሆን እንዲሆን ከባለንብረቶች ማኅበራት ጋር ስምምነት ይደረግ፤ ልጁ ከተሳፈረ በኋላ ጆሮውን ይዞ ሊወርድ አይችልምና። ስድስተኛ፥ በትምህርት ቤት ግቢና በምርቃት ቀን የሚሰማውን ዘፈን መምህራን አስቀድመው ይምረጡ። ለዚህ የመጨረሻው አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አንድ ሰርኩላርና አንድ ቈራጥ ዲሬክተር ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰባተኛው ነው። ባዶ የሚቀር ጆሮ የለም፤ እኛ ካልሞላነው ሌላው ይሞላዋል። ቴሌቪዥን በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች ተረትና ጨዋታ ሲያቀርብ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል፤ በትዕዛዝ ሳይሆን በፍቅር የብዙ ትውልድ ጆሮ ይዞ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ አገሩ ሁሉ ያለቀሰው ስለዚህ ነው። እንደ ዓለምፀሐይ ወዳጆና እንደ ይልማ ገብረ አብ ያሉ ገጣሚዎችም ፍቅርን በጨዋ ቃል መዝፈን እንደሚቻል፥ የጨዋም ቃል ሕዝብ እንደሚወደው አስመስክረዋል። የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ለልጆች መዝሙር በጀት ይመድብ፤ ለገጣሚው እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ዋጋውን ይክፈለው፤ በየዓመቱም ውድድር ተደርጎ የተመረጠው ሥራ በየትምህርት ቤቱ ይዳረስ። ለተቈጣጣሪው ደመወዝ የሚገኘው ገንዘብ ለልጆች ገጣሚ የማይገኝበት ምክንያት የለም።

ዘፋኞቻችን ይህን ጽሑፍ እንደ ጠላት ቃል እንዳያዩት እንለምናቸዋለን። ግጥማችሁ ኀይል አለው ብለን ስለምናምን ነው የምንከራከረው፤ ኀይል የለውም ብንል ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ኀይል ያለው ሰው ሁሉ ኀላፊነት አለበት፤ ሹም ቢሆን፣ መምህር ቢሆን፣ ዘፋኝም ቢሆን። ወላጆች ደግሞ መንግሥት በማይገባበት ቤት ውስጥ ሥልጣኑ የእነርሱ መሆኑን ይወቁ፤ ልጁ የሚያዳምጠውን አብሮ አዳምጦ፥ «ይህ ቃል ለእኅትህ ቢነገር ትወደዋለህን?» ብሎ መጠየቅ ከማናቸውም አዋጅ ይበልጣል።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ይህ ተረት ለቃል ኪዳን የተነገረ ነው፤ ለዚያም ይክበር። ለዘፈን ግጥም ግን አንቀበለውም። የምንናገረው ቃል የምንወልደውን ልጅ የሚያጠፋ ሲሆን፥ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ እኛም ልጁን መርጠናል። ልጁንም ስንጠብቅ የባለቅኔውን አንደበት መዝጋት እንደማያስፈልገን አሳይተናል። አሁን የቀረው ሥራ ነው፤ ሕጉን የሚያረቅቀው ብዕሩን ያንሣ፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተርም የዘንድሮው ምርቃት ሳይደርስ ዘፈኑን ይምረጥ።